የቨርሊን ባርኔጣ

በሕይወቴ ከሁለት መቶ በላይ ኮንሰርት ገብቻለሁ፤ በአንዱም አላጨበጨብኩም። አልዘፈንኩም፣ አላፏጨሁም፣ እግሬን እንኳ ወለሉ ላይ አልመታሁም። ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ግራ ጆሮዬ ቀን ከሌት ይጮኻል፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ሰዎች ያን ዘመን እንዳጫውታቸው ይጠይቁኛል፤ ያኔ የነበሩትን ትልልቅ ጊታር ተጫዋቾች በዓይንህ አይተሃል ወይ፣ ምን ይመስሉ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን እውነቱን ስናገር ከሁሉም በላይ የማስታውሰው የቴፑን መርፌ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ወደ ቀዩ የምትዘለውን ቀጭን መርፌ። ይህን ስነግራቸው የማሾፍባቸው ይመስላቸዋል።

ቺካጎ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ኮንሰርት ነበር። ብሉዙ እኛው ሰፈር፣ ዌስት ሳይድ ነው። ሮኩ ግን ወደ ሰሜን በኩል ነበር፤ እዚያ ስንሄድ በአዳራሹ ሙሉ እኔና ባለቤቴ ቨርሊን ብቻ ነበርን ጥቁሮቹ። የሥራ ጓደኞቼ በዚህ አንድ ቀን እንኳ አልማሩኝም። «ኦዴል፣ ነጮቹ ጊታር ሲሰብሩ ለማየት ነው እንዴ ይሄን ያህል መንገድ የምትሄደው? እኔ ቤት ና፣ ልጆቼ በነፃ ይሰብሩልሃል» ይሉኝ ነበር። እኔ የምሄደው ግን ለመስማት አልነበረም። ለመቅዳት ነበር።

እንደኔ ያሉ ሰዎች በየከተማው ነበሩ። ቴፕ ደብቀን እንገባለን፣ ኮንሰርቱን ከእግር እስከ ራሱ እንቀዳለን፣ ከዚያ በፖስታ እንለዋወጣለን። ሁለት ካሴት የፈለገ ሰው ሁለት ባዶ ካሴት ይልካል፤ እኛ ቀድተንበት እንመልስለታለን። ሽያጭ ነውር ነበር። ሌላው ሕግ ዝምታ ነው። ማይኩ አጠገብህ ስለሆነ አንተ አንድ ጊዜ ካጨበጨብክ በቴፑ ላይ ጣራ የተደረመሰ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲያብድ እኛ ለቅሶ ቤት እንደገባ እንግዳ ቁጭ ብለን መርፌዋን እናያለን። ቅጂህ ላይ የአንተ ትንፋሽ ካልተሰማ ጎበዝ ቀጂ ነህ። እኔ ጎበዝ ነበርኩ።

ችግሩ ማስገባቱ ነበር። በር ላይ ወንዱን ይፈትሹታል፣ ኮቱን ያስወልቁታል፣ ኪሱን ይገለብጡታል። ሁለት ቴፕ ከተወሰደብኝ በኋላ ዓይኔ ቨርሊን ባርኔጣ ላይ አረፈ። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ክንፈ ሰፊ፣ በጎኑ ትልቅ ላባ ያለው። ባቄላ የምታህለዋን ማይክ ላባው ውስጥ ሰፋሁ። ሽቦዋ በጆሮዋ ጀርባ፣ በፀጉሯ ሥር፣ በቀሚሷ ውስጥ አድርጋ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ወደተቀመጠው ቴፕ ትወርዳለች። በሩን ካለፍን በኋላ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፎጣውን ገለጥ አድርጌ መርፌዋን አያለሁ። እንዲህ ያለ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ላይ እጁን የሚጭን ጠባቂ በቺካጎ አልተወለደም። አንዱ ሮክ አዳራሽ በር ላይ ያለ ጎረምሳ፣ «እማማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ማዶ ነው» ቢላት፣ «አይቼዋለሁ፤ እዚህ የመጣሁት ከነሱ ይልቅ እናንተ የባሳችሁ ስለሆናችሁ ነው» ብላው ገባች።

እንግዲህ ማይኩ እሷ ራስ ላይ ነው። ራሷን ስታዞር ድምፁ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ እንዳትንቀሳቀስ አስተማርኳት። መድረኩን መሃል ለመሃል እይ፣ አንገትሽን አታዙሪ፣ አታጨብጭቢ፣ አፍሽን አትክፈቺ። እሺ አለች። ስለምትወደኝ እሺ ማለቷ እንደነበር አሁን ሲገባኝ ምን ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በኛ ዘንድ ብሉዝ የሚዘፍን ሰው ይመለስለታል። እሱ መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ችግሩ ሲናገር ከታች «ንገራቸው!»፣ «እኔም አለሁበት!» ይባላል። ዝም ከተባለ ወይ አልቻለበትም ወይ ሰዉ ሞቷል ማለት ነው። ቨርሊን ደግሞ በዚህ ያደገች ናት። አባቷ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጥ እየለቀመ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ገና ስድስት ዓመቷ ሳለ የምትመልስለት እሷ ነበረች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩን በአፏ ተሸክማ የምታስጨርሰው እሷ ናት፤ እሷ ከቀረች ስብከቱ ራሱ ይቀዘቅዛል ይባል ነበር። ይህችን ሴት ነው ከሰዓት በኋላ ወስጄ የማይክ መቆሚያ የማደርጋት።

የመጣው ነገር የመጣው በፈረንጆቹ ሰባ ዘጠኝ፣ ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ሃይራም ታገርት የሚባል ሽማግሌ ከደቡብ መጥቶ ሩዝቬልት መንገድ ላይ ባለው የድሮ ሲኒማ ቤት ይጫወታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚዘፍነው። በዘፈኑ መሃል ያቆምና አንዷን ክር ብቻ እየነካካ ከሰው ጋር ያወራል። ያን ዕለትም እንደዚያው አቆመና፣ «እስቲ በዚህ ቤት ውስጥ የደከመው ማነው?» አለ። ከየአቅጣጫው ጮኹ። ከዚያ ከጎኔ፣ ማይኩ ሥር፣ «እኔ ነኝ፣ ሃይራም! ከሰኞ ጀምሮ ቆሜያለሁ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መርፌዋ ወደ ቀዩ ዘላ እዚያው ቀረች።

ቨርሊን ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው። አንሶላ ተኳሽ ነበረች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቆማ ነው የምትውለው፤ ውሸት አልተናገረችም። የእኔ ደም ግን ፈላ። መኪና ውስጥ እስክንገባ ታግሼ ከዚያ ቤት እስክንደርስ ወረድኩባት። እንዲህ ያለ ኮንሰርት በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው፣ እሱንም አበላሸሽብኝ አልኳት። ቤት ገብታ ባርኔጣዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ይቅርታ፣ ኦዴል። ለአንድ ደቂቃ ኮንሰርት የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

እንደዚያ ማለቷን የሚያስታውሰው ይህ ያረጀው ራሴ ነው። ያኔማ አልሰማኋትም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለት ቴፕ አገናኝቼ ንጹሕ ቅጂ አወጣሁ። እሷ የተናገረችበት ጋ ስደርስ አቆምኩ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል አሳልፌ እንደገና ቀጠልኩ። ማብራሪያው ላይ ካሴቱ ሲገለበጥ የተፈጠረ ክፍተት ነው ብዬ ጻፍኩ። ያ ቅጂ ስሜን አስጠራው። ከስዊድን ድረስ ደብዳቤ መጣልኝ፤ አንድ ጃፓናዊ አመስግኖኝ ሻይ ቅጠል ላከልኝ። ዋናውን ካሴት ግን እንደ ተበላሸ ነው የቆጠርኩት። ባዶ ካሴት ስለቸገረኝ ከሌሎች ጋር ጨምሬ፣ ይቀዳበት ብዬ ሚልዋኪ ላለው ዱዴክ ላክሁት። ዱዴክ የቢራ ፋብሪካ መካኒክ ነው፣ እንደኔው በዚህ የተለከፈ። ለሠላሳ ዓመት በፖስታ ተለዋውጠናል፤ በአካል ግን አራት ጊዜ ብንገናኝ ነው።

ቨርሊን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ገባች። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቀን ግን አንገቴን አሞኛል አለችና ቀረች፤ እኔም ሌላ ዘዴ አገኘሁ። ሁለተኛ አብራኝ እንድትሄድ አልጠየቅኋትም። ልጃችን ሮኔታ እማዬ ለምን አትሄድም ስትለኝ፣ እናትሽ ሙዚቃ አትወድም እላት ነበር። ይህን ስል ዓይኔን አላሸሁም። አምኜበት ነበር።

ነፍሷን ይማረውና ቨርሊን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ከቀብሯ በኋላ ነው ድምጿ እንደሌለን ያወቅነው። ስልክ ላይ መልእክት መተው የምትጠላ ሴት ነበረች፤ የተወቻቸውም ጥቂቶች ሮኔታ ስልክ ስትቀይር ጠፉ። እኔ ቤት ሁለት ሺህ ካሴት አለ። የማላውቀው ሰው ሳል፣ የማላውቀው ሰው ጠርሙስ ሲጥል፣ የመቶ ሺህ ሰው ጭብጨባ አለ። የሚስቴ አንዲት ቃል የለም። ባለፈው ዓመት ሮኔታ ልብስ እያጣጠፈችልኝ ድንገት ቆማ፣ «አባዬ፣ እማዬ እንዴት ነበር የምትስቀው? እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። ከእኔም ጠፍቷል ማለት አቃተኝ።

ባለፈው ግንቦት ዱዴክ ደወለ። ልጆቹ ቤቱን ሊሸጡ ነው፣ እሱም አረጋውያን ወደሚጦሩበት ሊገባ ነው። ምድር ቤት ያለውን ካሴት የሚፈልግ ከሌለ ቆሻሻ መኪና ይወስደዋል አለ። የኔን ሁሉ መልስልኝ ልለው አፌን ስከፍት ያቺ ካሴት ትዝ አለችኝ። ዱዴክ ምንም አይጥልም። ግን ደግሞ ባዶ ካሴት ሳይቀዳበት አስቀምጦ አያውቅም። ለሮኔታ ነገርኳት። ሌላውን አልነገርኳትም፤ አንድ ኮንሰርት ላይ እናትሽ ትንሽ ተናግራ ነበር፣ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል ብቻ ነው ያልኩት። በማግስቱ ፈቃድ ወጥታ በመኪናዋ ሚልዋኪ ወሰደችኝ።

ዱዴክ አርጅቷል። እሱም እኔን ሲያይ ያንኑ እንዳሰበ ገባኝ። ምድር ቤቱ ለመድረስ አሥራ አንድ ደረጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ጉልበቴም ቆጥሮታል። ከወለል እስከ ጣራ ካሴት ነው። እኔ ዋና ቅጂዎቼ ሁሉ ጥግ ላይ በሚስማር ሃያ ቁጥርን እጭር ነበር፤ የምነዳው አውቶቡስ ቁጥር ነው። ሦስታችን ተቀምጠን ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር እያንዳንዷን አነሳን። ያገኘቻት ሮኔታ ናት። ወረቀቷ ላይ በዱዴክ እጅ «የሄለን ሰርግ» ተብሎ ተጽፏል።

«የእህቴ ሰርግ ነው» አለ ዱዴክ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ባዶ ነው ብለህ ነው እኮ የላክልኝ።»

«አዎ፣ ብያለሁ» አልኩት። ምን ይደረጋል።

ወደፊት ማሽከርከር እንደማይቻል ነገረን፤ ያረጀ ካሴት ሲቸኩሉበት ይበጠሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምረን የሄለንን ሰርግ ሰማን። አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ በፖላንድኛ የሚጮኹ ሰካራሞች። ሠላሳ ደቂቃ። ዱዴክ መሃል ላይ ይህ አጎቴ ነው፣ ይህ ደግሞ በኋላ ከሄለን ጋር የተፋታው ሙሽራ ነው እያለ ሊያጽናናን ሞከረ። እኔ የካሴቷን ጥቅል እያየሁ የቀረውን እገምታለሁ። አንዱ ጎን አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ቨርሊን የተናገረችው መጨረሻው አካባቢ ነው። ሰርጉ እንዲያልቅ እንደዚያን ዕለት የለመንኩበት ቀን የለም። ሮኔታ እጇን ጭኗ መሃል ከትታ ወለሉን ታያለች።

ከዚያ አኮርዲዮኑ በመሃል ተቋረጠ። ቀጭ አለ። ሃይራም ታገርት ጊታሩን እየነካካ ነበር።

ሦስታችንም አልተነፈስንም፤ የድሮው ሕግ እንደሆነ አላወቅነውም። ጥያቄውን ጠየቀ። ሰዉ ጮኸ። ከዚያ እዚያው ጆሯችን ሥር፣ ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ደቡብ ደቡብ የሚል ድምፅ፦ «እኔ ነኝ፣ ሃይራም! ከሰኞ ጀምሮ ቆሜያለሁ!» አለ። ሳቋም ተከተለ። ከሆዷ እየተንከባለለ የሚወጣ ሳቅ ነበር። ሮኔታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሳቁ ሳያልቅ የወንድ ድምፅ ገባ። ቅርብ ነው። ለጆሮዋ ሳይሆን ለባርኔጣው የተጠጋ ነው የሚመስለው።

«ዝም በይ። አንቺ ነሽ እንዴ የምትዘፍኚው? ዝም በይ።»

እንደዚያ ማለቴን አላስታውስም። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አፌን እንዳልከፈትኩ፣ የተናገርኳት መኪና ውስጥ እንደሆነ ነው የማውቀው። ሕጉን የጠበቅኩ እኔ፣ እሷ የጣሰችውን ቆርጬ ስጥል የራሴንም አብሬ ቆርጬው ኖሯል። የሰማሁት ድምፅ የኔ ነው፣ አይካድም። ሳቋ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቆመ።

ቴፑ ግን አላለቀም። ሃይራም ከመድረኩ ላይ ሰምቷት ነበር። «ባለ ባርኔጣዋ፣ አገኘሁሽ» አለ። «ከሰኞ ጀምሮ? እሺ፣ ማክሰኞስ ምን አደረጉሽ?» ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያም ዝም አለ፤ መልሷን ሊሰማ። አንዷን ክር እየነካ ይጠብቃል። ማይኩ ሥር የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። ይገባል፣ ይወጣል። «እመቤቴ፣ የት ሄድሽብኝ?» አለ እንደገና። እኔ ሾፌር ስለነበርኩ መብራት ላይ ሰከንድ መቁጠር ልማዴ ነው። ሰባት ሰከንድ ጠበቃት። ከዚያ፣ «እሺ፤ እውነትም ደክሟታል» አለና ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ካሴቱ አለቀ።

ዱዴክ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ የሚያውቀው ደግሞ ይህንኑ ሥራ ነው። ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጥልናል፣ ከዚያ ሮኔታ ስልክ ላይ ይጭንልናል። ወደኔ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ አናገረኝ።

«ያንተን ማውጣት እችላለሁ፣ ኦዴል። አራት ሰከንድ ብትሆን ነው። ሳቋን ከሰውዬው ጥያቄ ጋር አገጣጥመዋለሁ፣ ማንም አያውቅም።»

አውጣው ልለው ነበር፤ አልዋሽም። ልጄ እናቷን በሰማች ቁጥር እኔን ልትሰማ ነው። እኔ ከሞትኩም በኋላ። ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርኩት ሥራ ነው፤ አራት ሰከንድ ምን አላት። ቀና ስል ሮኔታ እያየችኝ ነው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሙዚቃ አትወድም ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ማይኩ፣ ስለ አንገቷ ነገርኳት። ሃያ ዓመት ገደማ መሆኑን ነገርኳት። ለመናገር የፈጀብኝ ጊዜ ከሄለን ሰርግ አይበልጥም። ከዚያ ለዱዴክ፣ «ምንም አትቁረጥ። እንዳለ ስጣት» አልኩት።

ስንመለስ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ፀሐይዋ በጎን ትመታናለች። ሮኔታ መኪናው ውስጥ ከፈተችው። እናቷ ተናገረች፣ ሳቀች። እኔ ዝም በይ አልኳት። ሃይራም ጠየቃት፣ ጠበቃት። ሲያልቅ እንደገና ከፈተችው። በሦስተኛው ላይ፣ እዚያ ሰባቱ ሰከንድ ጋ ስንደርስ አቆመችውና፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «አባዬ፣ ምን ልትለው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አሰብኩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አብሬያት ኖሬያለሁ። አንሶላ እንደምትተኩስ አውቃለሁ፣ እግሯ እንደሚያብጥ አውቃለሁ፣ ጫማዋን በር ላይ እንደምታወልቅ አውቃለሁ። ማክሰኞ ምን እንዳደረጓት ግን እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳት።